ምስል የሚያርፍበት ወረቀት፦ ከደብዳቤ ወረቀት እስከ ኢንክጄት

ለዐውደ ርእይ፣ ለሙዚየም ወይም ለሰብሳቢ የሚዘጋጅ ፎቶግራፍ ዛሬ በአብዛኛው የሚታተመው በኢንክጄት ማተሚያ ነው። ማተሚያው በዓይን የማይለዩ ደቃቅ የቀለም ጠብታዎችን ይረጫል፤ ወረቀቱ ደግሞ እያንዳንዷን ጠብታ በወደቀችበት ቦታ ይዞ ማስቀረት አለበት። ለዚህ ሥራ የሚሸጠው ጥሩ ወረቀት ሲያዩት አንድ ይምሰል እንጂ ሁለት ነገር ነው። ከታች ከጥጥ ወይም ከእንጨት ቃጫ የተሠራ መደብ አለ፤ በመደቡ ላይ ቀለሙን የሚቀበል ስስ ልባስ ተቀብቷል። ወረቀት መራጩ የሚጠይቀው ጥጥ ይሻላል ወይስ እንጨት፣ የማያብረቀርቅ (ማት) ይሁን ወይስ የሚያብረቀርቅ (ግሎሲ)፣ ደማቅ ነጭ ይሁን ወይስ ወደ ክሬም ያደላ፣ ስንት ዓመትስ ይቆያል ብሎ ነው። እነዚህ ጥያቄዎች ከኮምፒውተር ጋር የመጡ አይደሉም። አብዛኞቹ የተነሡት ምስል ሲደበዝዝ፣ ወረቀት ሲበልዝ ወይም ገጹ ሲሰነጣጠቅ ነው፤ ዛሬ በወረቀት ማሸጊያ ላይ የሚነበበው ማብራሪያ ሁሉ ከእነዚያ ብልሽቶች የተገኘ ትምህርት ነው።

ፎቶግራፍን በወረቀት ላይ የጀመረው እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ነው። በ1834 በዊልትሸር በሚገኘው የላኮክ አቢ መኖሪያው ሙከራውን ሲጀምር (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለዚህ ተብሎ የተሠራ ወረቀት አልነበረም። የተጠቀመው ጥሩ የደብዳቤ ወረቀት ነው። ወረቀቱን በጨው ውኃ ነክሮ ያደርቀዋል፤ ከዚያ ሲልቨር ናይትሬት ይቀባዋል፤ በቃጫዎቹ መካከል የሚፈጠረው ሲልቨር ክሎራይድ ብርሃን ሲያገኘው ይጠቁራል። ምስሉ ከወረቀቱ በላይ ሳይሆን በወረቀቱ ውስጥ ስለሚፈጠር የወረቀቱ ጠባይ ሁሉ የምስሉ ጠባይ ይሆናል። ወረቀቱ ቀለም እንዳያሰርግ የሚገባበት ሙጫ ጄላቲን ሲሆንና ስታርች ሲሆን የምስሉ ኅብር ይለያያል። ከፋብሪካ ማሽን የረገፈ የብረት ብናኝ በወረቀቱ ውስጥ ከቀረ ደግሞ በምስሉ ላይ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። በኬንት ይሠራ የነበረው የዋትማን ወረቀት በውኃ ቀለም ሠዓሊዎች ዘንድ የታወቀና ከጨርቅ የሚሠራ ስለ ነበር ለዚህም ሥራ ከተመረጡት አንዱ ሆነ። እንግዲህ ፎቶግራፍ አንሺ የሠዓሊን ወረቀት መዋስ የጀመረው ገና ከመጀመሪያው ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ውድቀትም ብዙ አልዘገየም። በ1846 አርት-ዩኒየን የተባለው የለንደን መጽሔት በአንድ እትሙ ውስጥ ለእያንዳንዱ አንባቢ ከታልቦት ማተሚያ ቤት የወጣ እውነተኛ ፎቶግራፍ አያይዞ አሠራጨ። በሺዎች የሚቆጠሩት ሉሆች በጥድፊያ ተዘጋጅተው፣ በደንብ ሳይታጠቡ የወጡ ስለ ነበሩ ብዙዎቹ በአጭር ጊዜ ደበዘዙ። አዲሱን ጥበብ ለሕዝብ ሊያስተዋውቅ የታሰበው ሥራ ፎቶግራፍ አይቆይም የሚል ሐሜት አተረፈ። በ1855 የለንደን የፎቶግራፍ ማኅበር የመደብዘዝን ምክንያት የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመ፤ የንግሥት ቪክቶሪያ ባለቤት ልዑል አልበርትም በገንዘብ ረዱት። ኮሚቴው የደረሰበት ዋና ነገር በወረቀቱ ውስጥ የሚቀረው የማጽኛ ኬሚካል፣ ከአየር የሚመጣ ድኝ ነክ ጋዝና እርጥበት ምስሉን እንደሚበሉት ነው። አየሩ ራሱ የምስል ጠላት መሆኑ ያን ጊዜ ታወቀ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በኢንክጄት ዘመን ግን ይህ እውቀት እንደ አዲስ መገኘት ነበረበት።

በ1850 የሊሉ ነጋዴ ሉዊ ዴዚሬ ብላንካር-ኤቭራር ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ያቀረበው መፍትሔ ወረቀቱን በጨው በተቀመመ የእንቁላል ነጭ መቀባት ነበር። እንቁላሉ የቃጫውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ሲልቨሩ ወደ ውስጥ ሳይሰርግ ከላይ ባለው ስስ ሽፋን ውስጥ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ጥላው ጠለቀ፣ ጠርዙ ጠራ፣ ገጹም አብረቀረቀ። በፎቶግራፍ ወረቀት ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ ማግኘት ያስቸግራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምስሉን የሚሸከመው ልባሱ ነው፤ ወረቀቱ ልባሱን ይሸከማል። ዛሬ የሚሸጠው የኢንክጄት ወረቀትም የተሠራው በዚሁ መርሕ ነው።

ለእንቁላል ነጭ የሚሆን መደብ ግን በቀላሉ አልተገኘም። ወረቀቱ ስስ፣ ከብረት ብናኝ የጠራና በየሉሁ አንድ ዓይነት መሆን ነበረበት። ለአሥርት ዓመታት ይህን ማድረግ የቻሉት በተለይ ሁለት ፋብሪካዎች ነበሩ፤ አንደኛው በፈረንሳይ የሪቭ ፋብሪካ፣ ሁለተኛው ያን ጊዜ በፕሩሲያ፣ አሁን በቤልጅየም በምትገኘው ማልመዲ የነበረው የሽታይንባህ ፋብሪካ ነው። ብልጫቸውን ብዙዎች የሚያያይዙት በአካባቢያቸው ካለው ንጹሕ ውኃ ጋር ነው። የመቀባቱ ሥራ ደግሞ በጀርመን በድሬስደን ከተማ ተከማቸ። በ1888 ከዚያ ካሉት ፋብሪካዎች ትልቁ ከ18,000 ሪም በላይ ወረቀት ቀባ፤ ለዚህም ከስድስት ሚሊዮን በላይ እንቁላል ሰበረ። ሥራው የሴት ሠራተኞች እጅ ነበር፤ እንቁላል የሚሰብሩትም፣ ነጩን ከአስኳሉ የሚለዩትም፣ ሉሁን በፈሳሹ ላይ የሚያንሳፍፉትም በአብዛኛው እነሱ ነበሩ። የዚያ ዘመን የቤተሰብ ፎቶግራፎች ዛሬ ቢጫና ቡና ዓይነት መስለው የሚታዩት ይህ ሽፋን ከዕድሜ ጋር ስለሚበልዝ ነው።

በ1880ዎቹ እንቁላሉን ጄላቲን ይተካው ጀመር። ጄላቲኑ ከመቀባቱ በፊት ወረቀቱ ባሪታ በሚባል ልባስ ይለበጣል። ባሪታ ባሪየም ሰልፌት የተባለ እጅግ ነጭ ማዕድን ተፈጭቶ በጄላቲን ሲለወስ የሚገኝ ነው። የቃጫውን ሸካራነት ያለሰልሳል፤ ብርሃንን መልሶ በመርጨት ነጩን ያደምቃል፤ ከመደቡ የሚመጣ ቆሻሻም ወደ ምስሉ እንዳይደርስ ይከላከላል። የሃያኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች የታተሙት በዚህ ወረቀት ላይ ነው። ዓይንም የጥሩ ፎቶግራፍን መልክ የተማረው ከእሱ ነው፤ ድቅድቅ ጥላ፣ ንጹሕ ነጭ፣ ከመስተዋት ያነሰ ለስላሳ ወዝ።

በዚያው ዘመን ተቃራኒውን መንገድ የመረጡም ነበሩ። እንግሊዛዊው ዊልያም ዊሊስ በ1873 የፕላቲነም ኅትመትን በፓተንት አስመዘገበ። በዚህ ዘዴ ጄላቲንም እንቁላልም የለም፤ ፕላቲነሙ እንደ ታልቦት ዘመን በቃጫው ውስጥ ይቀመጣል። ገጹ ፈጽሞ አያብረቀርቅም፤ ጥቁሩ ከባሪታው ያነሰ ቢሆንም ከጥቁር ወደ ነጭ የሚወስደው የግራጫ ደረጃ እጅግ ረቂቅ ነው፤ ብረቱም አይደበዝዝም። የእንግሊዝን ካቴድራሎች ያነሣው ፍሬድሪክ ኤቫንስ ከሌላ ወረቀት ጋር አልተስማማም ነበር። የአንደኛው የዓለም ጦርነት የፕላቲነምን ዋጋ ሰማይ ሲሰቅለው የኤቫንስ ሥራም አብሮ ተዳከመ። ዛሬ ማት የጥጥ ወረቀትና ባሪታ ፊት ለፊት ቀርበው የትኛው ይሻላል ሲባል የሚሰማው ክርክር በፕላቲነምና በባሪታ መካከል ያኔ የተጀመረው ነው። ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ ጭጋግና የፊት ቆዳ ከአንዱ፣ የምሽት ከተማና እርጥብ ድንጋይ ከሌላው ጋር ይስማማሉ።

መደቡም በዚህ መካከል የራሱን መንገድ ሄዷል። እስከ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአውሮፓ ወረቀት የሚሠራው ከአሮጌ የተልባ እግርና የጥጥ ጨርቅ ነበር። ጀርመናዊው ሞሪትዝ ፍሪድሪሽ ኢሊግ በ1807 ወረቀትን በዛፍ ሙጫና በአሉም ማጥናትን አስተዋወቀ፤ ዘዴው ርካሽ ነበር፣ ነገር ግን አሉሙ ወረቀቱን አሲዳማ ያደርገዋል። በ1840ዎቹ ሌላው ጀርመናዊ ፍሪድሪሽ ጎትሎብ ኬለር እንጨትን በድንጋይ ፈጭቶ ወረቀት መሥራትን አገኘ። የተፈጨው እንጨት ሊግኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር ይዞ ስለሚቀር በብርሃን ይበልዛል። ሁለቱ ሲደመሩ የተገኘው በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ እየተሰባበረ የሚረግፍ ወረቀት ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ባሮው በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ባካሄዳቸው ምርመራዎች ቤተ መጻሕፍትን እየበላ ያለው አሲድ መሆኑን አሳየ። ከአሲድ ነፃ የሚለው ቃል በፎቶግራፍ ወረቀት ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ፎቶግራፍ በጨለማ ክፍል ውስጥ በኬሚካል የሚታጠብበት ዘመን ሊያበቃ ሲል የመጣው የመጨረሻ ለውጥ ፕላስቲክ ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አምራቾች ወረቀቱን በሁለት በኩል በፖሊኢትሊን ለበጡት። ኬሚካል ወደ ቃጫው ስለማይገባ አንድ ሰዓት ይፈጅ የነበረው እጥበት በደቂቃዎች ያልቃል፤ ሉሁም ሳይጠቀለል ይደርቃል። ለንግድ ፎቶ ቤቶች ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሉሆች ግን በፍሬም ውስጥ ሆነው ብርሃን ሲያገኛቸው ተሰነጣጠቁ፤ በፕላስቲኩ ውስጥ ያለው ነጭ ማቅለሚያ ከብርሃን ጋር ሆኖ ፕላስቲኩን ያዳክመው ነበር። ችግሩ ከጊዜ በኋላ ቢሻሻልም በሙዚየሞችና በሰብሳቢዎች ልብ ውስጥ የቀረው ጥርጣሬ አልጠፋም፤ በፕላስቲክ የተለበጠ የኢንክጄት ወረቀት ዛሬም ለአልበምና ለንግድ ሥራ እንጂ ለዐውደ ርእይ እምብዛም አይመረጥም።

ኢንክጄት ወደ ሥነ ጥበብ የገባው በጎን በር ነው። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ አይሪስ ግራፊክስ የተባለ ድርጅት በ1980ዎቹ የሠራው ማተሚያ የታቀደው ለመጽሔትና ለማስታወቂያ ኅትመት የቅድሚያ ናሙና ለማውጣት ነበር። ወረቀቱ በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ይታሰራል፤ ቀለሙ እየተረጨ ይለብሰዋል። ናሙናው ለጥቂት ሳምንታት ከታየ በኋላ ስለሚጣል የቀለሙ ዕድሜ ማንንም አላሳሰበም። ሙዚቀኛውና ፎቶግራፍ አንሺው ግራሃም ናሽ ግን በዚህ ማሽን የፎቶግራፎቹን ኅትመት ሲያይ ሌላ ነገር ታየው። 126,000 ዶላር የሚያወጣ አይሪስ 3047 ገዝቶ ከባልደረባው ማክ ሆልበርት ጋር በ1991 በካሊፎርኒያ ማንሃተን ቢች ናሽ ኤዲሽንስ የተባለውን ማተሚያ ቤት ከፈተ። ማሽኑ የተሠራው ለስስ ወረቀት ስለ ነበር ወፍራም የሠዓሊ ወረቀት እንዲቀበል አድርገው ለወጡት። በላዩም እንደ አርሽና ሪቭ ያሉ ልባስ የሌላቸው የጥጥ ወረቀቶችን አሰሩ። ያ ማሽን ከ2005 ጀምሮ የስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ንብረት ነው።

የአይሪስ ኅትመት ውበት አከራካሪ አልነበረም፤ ቀለሙ ወደ ጥጡ ዘልቆ ሐር የመሰለ ገጽ ይሰጣል። ዕድሜው ግን አጭር ነበር። ቀለሙ በውኃ የሚሟሟ ማቅለሚያ በመሆኑ ብርሃን ይፈታዋል፤ በግድግዳ ላይ የተሰቀሉ አንዳንድ ሥራዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በግልጽ ደበዘዙ። ገዢዎች ለምስሉ የሥነ ጥበብ ዋጋ ከፍለው ነበርና ጉዳዩ የእምነት ጉዳይ ሆነ። በአዮዋ ግሪኔል ከተማ የሚኖረው ሄንሪ ዊልሄልም በዚህ መስክ ለረጅም ጊዜ ሲደክም የቆየ ሰው ነው፤ በ1993 ስለ ቀለም ፎቶግራፎች ዕድሜና አያያዝ ያሳተመው ግዙፍ መጽሐፍ ዛሬም የሙያው መነሻ ነው። እሱ ያስለመደው አሠራር ማቅለሚያንና ወረቀትን አንድ ላይ አድርጎ በኃይለኛ ብርሃን ሥር መፈተን ነው። ይህ ሰው ካበረከተው ሁሉ ትልቁ እዚህ ላይ ነው፤ የዚህ ወረቀት ዕድሜ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ብቻውን ትርጉም እንደሌለው አሳየ። ያው ቀለም በአንዱ ወረቀት ላይ ከሌላው ብዙ እጥፍ ሊቆይ ይችላል።

በ1990ዎቹ ማተሚያው ተራ ሰው ሊገዛው ወደሚችል ዋጋ ሲወርድ ልባስ ዋናው የፉክክር ሜዳ ሆነ። ልባስ በሌለው ወረቀት ላይ ጠብታው ቃጫውን ተከትሎ ይሰርጋል፤ ጠርዙ ይደበዝዛል፤ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። አምራቾች ሁለት መንገድ አገኙ። የመጀመሪያው ጄላቲንን ወይም መሰል ፖሊመርን መቀባት ነው፤ ቀለሙ ሲነካው ያብጣል፣ ማቅለሚያውን በውስጡ አቅፎ ይዘጋል። ምስሉን ከአየር ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን ቶሎ አይደርቅም፣ እርጥበት ሲያገኘውም ይጣበቃል። ሁለተኛው ከሲሊካ ወይም ከአሉሚና ብናኝ የተሠራ ባለ ደቃቅ ቀዳዳ ልባስ ነው። ገና ያልተሟሸ ሸክላ ውኃን እንደሚጠጣ ይህም ቀለሙን ወዲያው ይመጠዋል፤ ኅትመቱ ከማተሚያው ሲወጣ ደርቋል።

ፍጥነቱ ገበያውን ማረከ፤ ቀዳዳው ግን ቀለም ብቻ ሳይሆን አየርም የሚያስገባ መሆኑ ብዙም አልታሰበበትም። በ2000 ገበያ ላይ የዋሉ አንዳንድ የቤት ማተሚያዎች ረጅም ዕድሜ ተነግሮላቸው ሳለ ኅትመቶቻቸው በየቦታው፣ አንዳንዴም በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ፣ ወደ ብርቱካናማ ተለወጡ። ሰማያዊ አረንጓዴው ማቅለሚያ ብቻውን ተበልቶ ነበር። የበላው ብርሃን አልነበረም፤ በአየር ውስጥ ያለ ኦዞን ነው። የብርሃን ፈተናው ይህን ስለማይለካ ማንም አስቀድሞ አላየውም። ከ1855ቱ ኮሚቴ ግኝት ጋር ሲነጻጸር የሚያሳዝን መርሳት ነው። ከዚያ በኋላ የኦዞን ፈተና ከብርሃን ፈተና ጎን ቆመ፤ በመስታወት ሥር ማሳየትም ለዚህ ዓይነት ኅትመት ከጌጥ ያለፈ ምክንያት አገኘ።

ነገሩን የቀየረው ፒግመንት ነው። ፒግመንት በፈሳሹ ውስጥ ሳይሟሟ የሚንሳፈፍ ጠጣር ቅንጣት ስለሆነ ብርሃንም ኦዞንም በቀላሉ አይፈታውም። ማተሚያ አምራቹ ኤፕሰን በ2000 ስታይለስ ፎቶ 2000ፒ የተባለውን ማተሚያ፣ በ2002 አልትራክሮም የተባለውን ባለ ሰባት ቀለም ስብስብ፣ በ2005 ደግሞ ሦስት የጥቁር ደረጃዎች ያሉትን ኬ3ን አወጣ፤ ካነንና ኤችፒም በራሳቸው ፒግመንት ተከተሉ። የዊልሄልም ግምቶችም ከዓመታት ወደ አሥርት ዓመታት፣ ለጥቁርና ነጭ ኅትመት ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ተሻገሩ። ሰብሳቢውና ሙዚየሙ ወረቀቱን በቁም ነገር የጠየቁት ያን ጊዜ ነው፤ ቀለሙ መቶ ዓመት ከቆየ ወረቀቱም መቆየት አለበት።

መልስ ይዘው የመጡት ከሁሉ ያረጁት ፋብሪካዎች ናቸው። በጀርመን በዳሰል አጠገብ የሚገኘው ሃነሙለ በ1584 የተመሠረተ ነው፤ ለሠዓሊዎች፣ ለመዳብ ቅርጽ አታሚዎችና ለላቦራቶሪ ማጣሪያ ወረቀት ሲሠራ ኖሮ በ1990ዎቹ መጨረሻ ለኢንክጄት ልባስ መቀባት ጀመረ። ፎቶ ራግ የተባለው 308 ግራም በካሬ ሜትር የሚመዝን የጥጥ ወረቀቱ የዚህ ሙያ መለኪያ ሆኗል። የፈረንሳዩ ካንሶን መነሻውን ከ1557 ይቆጥራል፤ በ1783 በሞቃት አየር የሚንሳፈፍ ፊኛ የሠሩት የሞንጎልፊዬ ወንድማማቾች ከዚሁ ቤት ናቸው። በአሜሪካ ከ1879 ጀምሮ ለዶላር ኖት ወረቀት የሚያቀርበው ክሬን ሙዚዮ የተባለውን የጥጥ ወረቀት ይዞ ገባ፤ በእንግሊዝ የቅዱስ ከትበርት ፋብሪካ ሰመርሴት የተባለውን የሥዕል ወረቀቱን ለኢንክጄት አዘጋጀ። እነዚህ ፋብሪካዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ሲሊንደራዊ ማሽን እንግሊዛዊው ጆን ዲኪንሰን በ1809 ፓተንት ካወጣበት ጋር ዝምድና አለው። ማሽኑ ቀስ ብሎ ስለሚሽከረከር ቃጫው በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይሰለፍም፤ ስለዚህ ወረቀቱ ሲረጥብና ሲደርቅ መጠኑን ብዙም አይለውጥም። ገጹ ላይ የሚታየው ሸካራነትም የመጣው እርጥቡ ሉህ ከሚጫንበት የሱፍ ጨርቅ ነው።

ጥጥ ወይስ እንጨት ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሻጮች እንደሚሉት የጠራ አይደለም። ዛሬ ጥጥ የሚባለው አብዛኛው ከአሮጌ ልብስ የተገኘ ሳይሆን በጥጥ ፍሬ ላይ ከሚቀረው አጭር ጭገር የተሠራ ነው። ሊግኒን የሌለው፣ ከተፈጥሮው ንጹሕ የሆነ ሴሉሎስ በመሆኑ ይመረጣል፤ በእጅም ሲይዙት ለስላሳና ሞላ ያለ ነው። ይሁንና ሊግኒኑ በኬሚካል የወጣለት፣ አልፋ ሴሉሎስ የሚባለው የእንጨት ወረቀትም ረጅም ዕድሜ አለው። አይኤስኦ 9706 የተባለው የ1994 ዓለም አቀፍ ደረጃ ጥጥ ይሁን ብሎ አያስገድድም፤ የፒኤች መጠኑ ከ7.5 እስከ 10 እንዲሆን፣ ከአየር የሚመጣ አሲድን የሚያከሽፍ የካልሲየም ካርቦኔት ክምችት እንዲኖረው፣ ሊግኒኑም እጅግ እንዲያንስ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ጥጡን መምረጥ ያለበት የገጹን ስሜት የወደደ ነው፤ ዕድሜን ብቻ የፈለገ በግማሽ ዋጋም ሊያገኘው ይችላል።

የፒግመንት ማተሚያዎች የመጀመሪያ ዓመታት የማት ወረቀት ዘመን ነበሩ። ፒግመንቱ በግሎሲ ገጽ ላይ ከላይ ስለሚቀመጥ በጎን ሲታይ የነሐስ መልክ ያሳይ ነበር፤ ቀለም ያልነካው ነጭ ቦታም ከቀለሙ ይልቅ ያብረቀርቅ ወይም ይፈዝ ነበር። በማት የጥጥ ወረቀት ላይ ይህ ሁሉ የለም። ጥቁሩ ግን ወሰን አለው። በማት ወረቀት ላይ የጥቁር ጥልቀት ዴንሲቲ በሚባለው መለኪያ 1.7 አካባቢ ሲሆን ይህ ማለት ጥቁሩ ከሚያርፍበት ብርሃን ሁለት በመቶውን ይመልሳል፤ በጥሩ ግሎሲ ወረቀት ላይ 2.3 ሲደርስ የሚመለሰው ግማሽ በመቶ ብቻ ነው። በጨለማ ክፍል ያደጉ ፎቶግራፍ አንሺዎች የጎደለባቸውን ያውቁት ነበር፤ በባሪታ ላይ የለመዱት ጥቁር አልመጣላቸውም። ሁለቱ ገጾች የተለያየ ጥቁር ቀለም ስለሚፈልጉም በብዙ ማተሚያዎች ከማት ወደ ግሎሲ ለማለፍ ቀለም ማፍሰስ ግድ ነበር።

ከ2006 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት አምራቾች አንድ በአንድ የባሪታን መልክ መለሱ። የክሬን ሲልቨር ራግ፣ የኤፕሰን ኤግዚቢሽን ፋይበር፣ የኢልፎርድ ጎልድ ፋይበር ሲልክ፣ የሃነሙለ ባሪታ ወረቀቶች በዚህ ጊዜ የወጡ ናቸው። በአንዳንዶቹ ውስጥ እንደ 1880ዎቹ እውነተኛ ባሪየም ሰልፌት ከልባሱ ሥር አለ፤ ሌሎቹ መልኩን በሌላ ማዕድን ይሰጣሉ። የፒግመንቱም ቅንጣቶች በሙጫ ተሸፍነው ስለተሻሻሉ የነሐሱ መልክ ቀነሰ። ለጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ይህ እውነተኛ ትንሣኤ ነበር። ማቱ ግን ቦታውን አለቀቀም፤ ነጸብራቅ በበዛበት ክፍል፣ ያለ መስታወት በሚታይ ሥራና ረጋ ባለ ምስል ላይ ዛሬም የሚተካው የለም።

በምርጫው ውስጥ ለዓይን ከሁሉ የሚያታልለው ነጭነት ነው። ጀርመናዊው ፓውል ክራይስ በ1929 ከአንድ ዛፍ ቅርፊት የሚገኝ ንጥረ ነገር በውስጡ የተነከረ ጨርቅ ነጭ መስሎ እንዲታይ እንደሚያደርግ አስተዋለ። ንጥረ ነገሩ የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን አድርጎ ይመልሰዋል። በሰው ሠራሽ የተተኩት አንጸባራቂዎች ከ1950ዎቹ ጀምሮ በፎቶግራፍ ወረቀት ውስጥ ገቡ። ይህም ሳይታሰብ ለምርመራ ጠቀመ። የሕፃናትን የጉልበት ሥራ በፎቶግራፍ ያጋለጠው አሜሪካዊው ሉዊስ ሃይን የሞተው በ1940 ነው፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ በራሱ እጅ የታተሙ ተብለው የተሸጡ በርካታ ፎቶግራፎች በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ሰማያዊ ሲያበሩ ወረቀቱ የተሠራው ከእሱ ሞት በኋላ መሆኑ ታወቀ። በኢንክጄት ወረቀት ላይ ያለው ሥጋት ሌላ ነው። አንጸባራቂው ከምስሉ ቀድሞ ኃይሉን ያጣል፤ ያን ጊዜ ነጩ ወደ ወረቀቱ እውነተኛ ቀለም፣ ወደ ክሬም፣ ይመለሳል፤ ፈካ ያሉት ቦታዎችም አብረው ይለወጣሉ። አልትራቫዮሌት በሌለው የሙዚየም መብራት ሥር ደግሞ ከመጀመሪያውም አይሠራም። ኢንክጄት ነጭ ቀለም ስለማይረጭ የምስሉ ብሩህ ቦታ ሁሉ ራቁቱን የቆመ ወረቀት ነው። አምራቾቹ ሞኣብና ኤፕሰን አንዱን የጥጥ ወረቀት ብራይትና ናቹራል ብለው በሁለት መልክ የሚሸጡት ምርጫውን ለገዢው ለመተው ነው። ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ ሥራ አንጸባራቂ የሌለውን መምረጥ ይሻላል፤ የክሬሙን መልክ ዓይን በጥቂት ደቂቃ ይለምደዋል፣ ከጊዜ በኋላ የሚመጣውን ለውጥ ግን ማንም ሊመልሰው አይችልም።

ሸካራነትን በተመለከተ ልምዱ የሚያሳየው ገጹ ከምስሉ ዝርዝር ጋር እንደሚፎካከር ነው። ጥልቅ ሸካራነት ያለው የውኃ ቀለም ወረቀት ትልቅ መጠን ያለውን ሰፊ መልክዓ ምድር ያከብራል፤ በትንሽ ሉህ ላይ የታተመ የሰው ፊት ግን በወረቀቱ ጉብታዎች ይበላል። የጃፓን ዋሺ ከዚህ የተለየ ነገር ይሰጣል። ኮዞ ከሚባለው ቁጥቋጦ ልጥ የሚሠራው ይህ ወረቀት ቃጫው ረጅም ስለሆነ ስስ ሆኖም ጠንካራ ነው። አልፍሬድ ስቲግሊትዝ ከ1903 እስከ 1917 ያዘጋጀው ካሜራ ወርክ መጽሔት ብዙ ምስሎቹን በጃፓን ስስ ወረቀት ላይ ያትም ነበር፤ በቶኩሺማ የሚገኘው አዋጋሚ ዛሬ ዋሺን ለኢንክጄት ልባስ ቀብቶ ያቀርባል። ጥቁሩ ጥልቅ አይደለም፤ ብርሃን በውስጡ ማለፉ ግን በሌላ ወረቀት የማይገኝ ነው።

የጥጥ ወረቀት በሥራ ላይ የራሱ ጠባይ አለው። ሲቆረጥ ብናኝ ይለቃል፤ ብናኙ በገጹ ላይ ሳለ ከታተመበት በኋላ ሲረግፍ ነጭ ነጥብ ይተዋልና ከማተም በፊት በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ግድ ነው። ወፍራም ስለሆነ የማተሚያው ራስ ካልተነሣለት ጠርዙ ይነካና ይቆሽሻል። የማት ገጽ በጥፍር ወይም በእጅጌ ሲነካ ይጫራል፤ በፍሬም የሚገባውም ቀለሙ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወጥቶ እስኪያልቅ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ከተነፈሰ በኋላ መሆን አለበት፤ አለዚያ በመስታወቱ ውስጥ ጉም ይቀራል። እያንዳንዱ ወረቀት ቀለሙን በተለየ መጠን ስለሚጠጣም ለማተሚያውና ለወረቀቱ ጥንድ የተለካ የቀለም ፕሮፋይል፣ ማለትም የቀለሙን መጠን የሚያስተካክል የኮምፒውተር ፋይል፣ ያስፈልገዋል፤ አምራቾች ፕሮፋይሉን ከወረቀቱ ጋር ያቀርባሉ። ልምድ ያላቸው አታሚዎች ሙሉውን ጥቅል ከመግዛት በፊት ያንኑ ምስል በሁለት ሦስት ዓይነት ወረቀት በትንሹ አትመው፣ ሥራው በሚሰቀልበት ክፍል መብራት ሥር ጎን ለጎን ያቆሙታል።